ያልታዘዘለት ፓኬት ወዴት ይሂድ? በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክና የነባሪ ደንቦች ታሪክ

ስለ ኔትወርክ ደንብ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው መሐንዲሱ አስቦበት የጻፈው ደንብ ነው። ይህ ፓኬት በዚህ በር ይውጣ፣ ያኛው ይከልከል፣ ሦስተኛው ወደ መጠባበቂያው መሥመር ይዙር የሚለው ትእዛዝ በንድፍ ላይ ይሰፍራል፣ በስብሰባ ይመረመራል፣ በፊርማም ይጸድቃል። ማንም ያላሰበበትና ምንም ትእዛዝ ያልተጻፈለት ፓኬት ከስዊቹ ደጃፍ ሲደርስ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። መልሱ ሁልጊዜ አለ። መሐንዲሱ ካልሰጠው ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ወይም የደረጃውን ሰነድ የጻፈው ኮሚቴ ሰጥቶታል። ይኸው ማንም ሳይጽፈው የሚሠራ ደንብ ነባሪ ደንብ ይባላል።

በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ በሚባለው ዘርፍ ይህ ጥያቄ በአንድ የደረጃ ሰነድ ውስጥ፣ ያውም ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች አግኝቷል። በ2009 መጨረሻ የወጣው የኦፕንፍሎው 1.0 ሰነድ ደንብ ያላገኘ ፓኬት ወደ ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር እንዲላክ አዘዘ፤ በ2012 የወጣው 1.3 ደግሞ እንዲጣል ወሰነ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደረጃ ሰነድ እንዲህ ባለ ፍጥነት ራሱን ሲገለብጥ ማየት የተለመደ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የክርክሩ መነሻ

የነባሪ ደንብ ክርክር ከዛሬዎቹ ኔትወርኮች በዕድሜ ይበልጣል። በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጥ መረጃ ጥበቃ ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ ስምንት የንድፍ መርሖችን ዘርዝረው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ፈቃድ በግልጽ ካልተሰጠ በቀር መከልከል ይገባል የሚለው ሲሆን፣ ሐሳቡን አስቀድሞ በ1965 ያቀረበው ግሌዘር መሆኑን ራሳቸው ገልጸዋል። ምክንያታቸው ከሥነ ምግባር ይልቅ ከመሐንዲስ ልምድ የሚመነጭ ነው። በፈቃድ ላይ በተመሠረተ ሥርዓት ስሕተት ቢፈጠር የሚገባው ሰው ይከለከላል፤ የተከለከለውም ወዲያውኑ አቤት ስለሚል ስሕተቱ ቶሎ ይታወቃል። በክልከላ ዝርዝር ላይ በተመሠረተ ሥርዓት ስሕተት ቢፈጠር ግን የማይገባው ሰው ይገባል። እርሱ ደግሞ አቤት የሚልበት ምክንያት ስለሌለው ጉድለቱ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ኔትወርኮች ሲዘረጉ ይህ ምክር በሁሉም ዘንድ አልተከበረም፤ ሊከበርም ባልቻለ ነበር። የኢተርኔት ብሪጅና በኋላም እርሱን የተካው ስዊች መድረሻውን የማያውቀው ፍሬም ሲመጣለት ከመጣበት በር በስተቀር በሁሉም በሮች ይበትነዋል። የብሪጁ ሥራ ማድረስ ነውና አላውቅም ማለት ለሁሉም አዳርስ ማለት ሆነ። ራውተር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ለመድረሻው አድራሻ መንገድ ካላገኘ ፓኬቱን ይጥላል፤ እንደ ሁኔታውም መድረስ አልተቻለም የሚል መልእክት ለላኪው ይመልሳል። መንገድ ያላገኘው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ የሚፈልግ አስተዳዳሪ ነባሪ መንገድ ብሎ በእጁ መጻፍ አለበት። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለቱ ዕቃዎች ስለ አንድ ጥያቄ የማይስማሙ ነበሩ። ወደፊት እንደሚታየው፣ የኦፕንፍሎው ስዊች የሁለቱንም ሥራ በአንድ ሠንጠረዥ ጠቅልሎ ሲይዝ ይህን አለመስማማትም አብሮ ወረሰ።

ፓኬትን በደንብ እያጣሩ የማሳለፍ ሥራ በ1980ዎቹ መጨረሻ ራሱን የቻለ ሙያ መሆን ጀመረ። በዚህ ረገድ በ1989 ጄፍሪ ሞጉል ስለ ዩኒክስ ጌትዌይ ያቀረበው ሥራ ሊታወስ ይገባል። በእርሱ ንድፍ የማሽኑ ከርነል ፓኬቱን በራሱ አይፈርድበትም፤ ከከርነሉ ውጭ ላለ ፕሮግራም አቅርቦ ይለፍ ወይስ ይመለስ ብሎ ይጠይቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ነገር የተወራለት ወሳኙን ከአስተላላፊው የመለየት ሐሳብ በትንሹ እዚህ ይገኛል። በ1992 ብሬንት ቻፕማን በዘመኑ የነበሩትን የራውተር ማጣሪያዎች መርምሮ ደንብ አጻጻፋቸው አስቸጋሪ መሆኑን፣ አንዳንዶቹም መሐንዲሱ የጻፈውን የደንብ ቅደም ተከተል በራሳቸው ሥልጣን እንደሚለዋውጡ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የሲስኮ ራውተሮች የፈቃድ ዝርዝር በመጨረሻው ላይ የማይታይ «ሁሉንም ከልክል» የሚል መሥመር እንዳለው ለጀማሪ ሁሉ የሚነገር ትምህርት ሆኗል። የፍሪቢኤስዲ ማጣሪያም በ65535 ቁጥር ላይ የሚቀመጥ የማይሰረዝ የመጨረሻ ደንብ አለው፤ ከርነሉ ሲዘጋጅ ሌላ ምርጫ ካልተደረገ በቀር ይህ ደንብ ይከለክላል። የሊኑክስ ማጣሪያ በተቃራኒው አስተዳዳሪው እስኪለውጠው ድረስ ሁሉን ያሳልፋል።

ከኢቴን እስከ ኦፕንፍሎው

በ2005 ባላኒ፣ ቻዋቴ፣ ራትናሳሚ፣ ሮስኮና ሼንከር የኢንተርኔት ነባሪ ሁኔታ «ዝግ» ይሁን የሚል አጭር ጽሑፍ አቀረቡ። ማንኛውም ኮምፒዩተር ማንን ለመቀበል እንደሚፈልግ አስቀድሞ ካላስታወቀ በቀር ፓኬት እንዳይደርሰው ለማድረግ ይቻላል ወይ ብለው ስሌት ሠሩ። ሐሳቡ በኢንተርኔት ስፋት አልተሠራበትም፤ በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ ግን ሊሠራ እንደሚችል ብዙም ሳይቆይ ታየ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ካሳዶ ከኒክ ማክዩን፣ ከስኮት ሼንከርና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ2006 ሴን የተባለውን፣ በ2007 ደግሞ ኢቴን የተባለውን ንድፍ አወጣ። ኢቴን 300 ያህል ኮምፒዩተሮች ባሉት ኔትወርክ ላይ ለወራት ተሞክሯል።

የኢቴን አሠራር ቀላል ነው። ስዊቹ የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ያሳልፋል፣ የሌለውን ግን ራሱ አይፈርድበትም፣ የመጀመሪያውን ፓኬት ወደ ማእከላዊው ተቆጣጣሪ ይልካል። ተቆጣጣሪው የግቢውን ተጠቃሚዎችና የመሥሪያ ቤቱን የፈቃድ መመሪያ ያውቃል፤ ከፈቀደ በመንገዱ ላይ ባሉት ስዊቾች ሁሉ ደንብ ይተክላል፣ ካልፈቀደ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በኢቴን «ወደ ተቆጣጣሪው ላክ» ማለት «እስኪፈቀድ ድረስ ከልክል» ማለት ነበር። ጥያቄው ራሱ የክልከላ አንድ መልክ ነበረና የሳልትዘርና የሽሮደር መርሕ በዚህ ንድፍ ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል።

በ2008 ማክዩንና ባልደረቦቹ ኦፕንፍሎውን ሲያስተዋውቁ ዓላማው ሰፋ። ተመራማሪዎች በዩኒቨርሲቲያቸው በሚሠራው ኔትወርክ ላይ አዲስ ፕሮቶኮል እንዲሞክሩ ስዊቹን ክፍት ማድረግ ተፈለገ። የፈቃድ መመሪያው ቀረ፤ ተቆጣጣሪው ላይ የሚቀመጠው ማናቸውም ዓይነት ፕሮግራም ሊሆን ቻለ። ነባሪው ደንብ ግን እንደነበረ ተሻገረ። ታኅሣሥ 31 ቀን 2009 የወጣው የ1.0 ሰነድ ከሠንጠረዡ ምንም የሚዛመድ ደንብ ያላገኘ ፓኬት ወደ ተቆጣጣሪው ይላክ አለ። ቃሉ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ተለውጧል። ከበስተጀርባው ፈራጅ በሌለበት፣ ብዙውን ጊዜም ያገኘውን ፓኬት ሁሉ የሚያደርስ ቀላል የሙከራ ፕሮግራም በተቀመጠበት ቦታ፣ ቀድሞ ክልከላ የነበረው ልማድ ወደ ልቅ ፈቃድ ተጠጋ። ይህ ለውጥ በሰነዱ ውስጥ በአንድም መሥመር አልተገለጸም።

ዜሮ ምን ማለት ነው?

በ1.0 አንድ ደንብ ፓኬትን የሚያዛምደው በ12 መለያዎች ነው። እነርሱም የገባበት በር፣ የላኪና የተቀባይ የኢተርኔት አድራሻ፣ የኢተርኔት ዓይነት፣ የቪላን ቁጥርና የቪላን ቅድሚያ፣ የላኪና የተቀባይ አይፒ አድራሻ፣ የአይፒ ፕሮቶኮል፣ የአገልግሎት ዓይነት፣ እንዲሁም የላኪና የተቀባይ የቲሲፒ ወይም የዩዲፒ ፖርት ናቸው። ሁሉም በ40 ባይት የማይለወጥ ቅርጽ ውስጥ ይሰፍራሉ። ከመለያዎቹ ፊት ደግሞ የትኛው መለያ እንደማያስፈልግ የሚያመለክት ባለ 32 ቢት ቁጥር አለ። ከዚህ ቁጥር 22 ቢቶች ሥራ ላይ ይውላሉ፤ ለአንድ መለያ የተመደበው ቢት 1 ሲሆን «ማናቸውም ይሁን» ማለት ነው፣ 0 ሲሆን ደግሞ «በትክክል ይህ ይሁን» ማለት ነው።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አዲስ ቅርጽ ሲያዘጋጅ በመጀመሪያ ማስታወሻውን በዜሮ ያጸዳል፤ ይህ ከጥንቃቄ የመጣ መልካም ልማድ ነው። ልማዱ እዚህ ላይ ወጥመድ ሆነ። በዜሮ የተሞላው ቅርጽ «ምንም አላልኩም» የሚል ቢመስልም ስዊቹ የሚያነበው ሌላ ነው። በዜሮ በር የገባ፣ የላኪውም የተቀባዩም የኢተርኔት አድራሻ ዜሮ የሆነ፣ ሌላውም ሁሉ ዜሮ የሆነ ፓኬት ብቻ ይዛመድ ብሎ ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ፓኬት በተግባር አይገኝም። ስዊቹ ግን ደንቡን እንደ ሕጋዊ ደንብ መዝግቦ ዝም ይላል።

ስሕተቱን ይበልጥ አስቸጋሪ ያደረገው ከነባሪው ደንብ ጋር መጣመሩ ነው። ደንቡ ማንንም ስለማያዛምድ ፓኬቶቹ ሁሉ ወደ ተቆጣጣሪው ይጎርፋሉ፤ ተቆጣጣሪው ላይ ያለው የሙከራ ፕሮግራም አንድ በአንድ እየተቀበለ ያደርሳቸዋል። ኔትወርኩ ይሠራል። ዘገምተኛ ነው እንጂ ይሠራል። ጥቂት ኮምፒዩተሮች ባሉበት የሙከራ ክፍል ዘገምተኛነቱ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። ነባሪው ደንብ ለጋስ በመሆኑ የተጻፈው ደንብ ከንቱ መሆኑ ተሸፈነ። የፕሮግራም ላይብረሪ የጻፉ ሰዎች ችግሩን ስለተረዱ አዲስ ቅርጽ ሲፈጠር «ማናቸውም» የሚሉትን ቢቶች ሁሉ ሞልተው ማስረከብ ጀመሩ፤ በፓይተን የተጻፈው ፖክስ ለዚህ ምሳሌ ነው።

የአይፒ አድራሻ አጻጻፍም የራሱ ጠማማነት ነበረው። የኔትወርክ ሰው ሁሉ የአድራሻን ስፋት የሚገልጸው ከግራ በኩል ስንት ቢት መዛመድ እንዳለበት በመቁጠር ነው፤ 24 ሲል የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች ማለቱ ነው። በ1.0 ግን የሚቆጠረው ከቀኝ በኩል የሚተወው ቢት ነበርና 24 ለማለት 8 መጻፍ ግድ ሆነ። 32 ወይም ከዚያ በላይ ከተጻፈ አድራሻው ጨርሶ አይታይም።

ከሁሉም የከፋው ግን የቅድመ ሁኔታ ጉዳይ ነው። የቲሲፒ ፖርት ትርጉም የሚኖረው ፓኬቱ አይፒ፣ ፕሮቶኮሉም ቲሲፒ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ መሐንዲስ ወደ ፖርት 80 የሚሄደውን ሁሉ ጣል ብሎ ቢጽፍና የኢተርኔት ዓይነቱንና ፕሮቶኮሉን መጥቀስ ቢረሳ፣ የፖርቱ መለያ ትርጉም ስለሌለው ቸል ይባላል። ቸል ከተባለ በኋላ የሚቀረው «ማናቸውንም ጣል» የሚለው ብቻ ነው። አንዲት በር ለመዝጋት የተጻፈው ደንብ ግቢውን በሙሉ ዘጋ ማለት ነው። ኦፕን ቪስዊች የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የሶፍትዌር ስዊች እንዲህ ያለ ደንብ ሲደርሰው አስተካክሎ መለወጡን በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ መዝገብ የሚያነብ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

በታኅሣሥ 2011 የወጣው 1.2 ይህን ሁሉ ከሥሩ ቀየረው። የማይለወጠው ቅርጽ ቀርቶ እያንዳንዱ መለያ ዓይነቱንና ርዝመቱን ይዞ በተራ እንዲጻፍ ተደረገ። ያልተጻፈ መለያ «ማናቸውም» ማለት ሆነ፤ የአይፒ አድራሻም በተለመደው ጭምብል ተገለጸ። ቅድመ ሁኔታው ያልተሟላ ደንብ ደግሞ ዝም ተብሎ በመስተካከል ፋንታ በስሕተት መልእክት እንዲመለስ ተወሰነ። የአይፒ ስድስተኛው ቅጂ የገባውም በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እርሱን ነው። ለዕለት ሥራ የጠቀመው ግን ያልተባለው ነገር ሰው በሚጠብቀው መንገድ መተርጎም መጀመሩ ነው።

የመጠየቅ ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ያልታወቀውን ሁሉ ወደ ተቆጣጣሪው መላክ ምን ያስከፍላል? በ2011 አንድሩ ከርቲስና ባልደረቦቹ ዴቮፍሎው በተባለው ጥናታቸው መልሱን በቁጥር አስቀመጡ። ከደራሲዎቹ አንዱ ከላይ የተጠቀሰው ጄፍሪ ሞጉል ነው። የለኩት የኤችፒ ፕሮከርቭ 5406 ስዊች ፓኬት በማስተላለፉ በኩል በሴኮንድ 300 ጊጋቢት የማሳለፍ አቅም አለው፤ ከዚሁ ክፍል ወደ ኦፕንፍሎው ተቆጣጣሪው የሚደርሰው መሥመር ግን 17 ሜጋቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከ17 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ስዊቹ በሴኮንድ ሊተክላቸው የቻለው አዳዲስ ደንቦችም 275 ገደማ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ አንድ ክፉ ሰው የሚያደርገውን መገመት አያዳግትም። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የላኪውን አድራሻ እየለዋወጠ ቢልክ አንዱም ፓኬት ከነበሩት ደንቦች ጋር አይዛመድም፤ እያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ይሆናል። አንድ ተራ ኮምፒዩተር ጠባቡን መሥመር ሊያጨናንቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው አጥቂው የተቀመጠበት ክፍል ብቻ ሳይሆን በዚያ ተቆጣጣሪ ሥር ያለው ሁሉ ነው። በ2013 ሱንግዎን ሺንና ባልደረቦቹ ባቀረቡት አቫንት ጋርድ የተባለ ሥራ ይህን አደጋ ዋና ርእስ አድርገው መከላከያ አቀረቡለት።

በ1.0 ላይ አንድ ማቃለያ ነበር። ስዊቹ ፓኬቱን እርሱ ዘንድ አቆይቶ የመጀመሪያዎቹን 128 ባይት ብቻ ለተቆጣጣሪው ይልካል፤ ይህም ቁጥር ነባሪ ነው። ነገር ግን ማቆያው ከሞላ ፓኬቱ ሙሉ በሙሉ ይላካል። ስለዚህ የ1500 ባይት ፓኬት ሲሆን በመሥመሩ ላይ የሚጫነው ጭነት ወደ 12 እጥፍ የሚያድገው ስዊቹ በተጨናነቀበት በዚያው ሰዓት ነው። በደኅናው ቀን የሚያግዝ፣ በክፉው ቀን የሚከዳ ማቃለያ ነበር።

ከ1.1 እስከ 1.3

የካቲት 28 ቀን 2011 የወጣው 1.1 ስዊቹ አንድ ሳይሆን ብዙ ሠንጠረዦች እንዲኖሩት ፈቀደ። ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ደንብ ያላገኘ ፓኬት ምን ይሁን የሚል ምርጫም ተሰጠ፤ ወደ ተቆጣጣሪው ይላክ፣ ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ ይለፍ፣ ወይም ይጣል። ሆኖም ምርጫው በቁጥር ሲጻፍ ዜሮ የተሰጠው ለመጀመሪያው ነበር። ምንም ያልመረጠ ሰው ወደ ተቆጣጣሪው ይላክ እንዳለ ተቆጠረ። ነባሪው አልተነካም።

በመጋቢት 2011 ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ማይክሮሶፍት፣ ያሁ፣ ቬራይዘንና ዶይቸ ቴሌኮም የኦፕን ኔትወርኪንግ ፋውንዴሽንን መሥርተው ሰነዱን ከዩኒቨርሲቲ እጅ ተረከቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ነባሪው ደንብ የነበረው አመለካከት መለወጡ የሚያስገርም አይደለም። በሙከራ ክፍል ውስጥ ያልታወቀ ፓኬት የመማሪያ ምክንያት ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ስዊቾች ላሉት ድርጅት ግን አደጋ ነው። በሰኔ 2012 የወጣው 1.3 የ1.1ን ምርጫዎች ሰርዞ በምትካቸው አንድ ተራ ደንብ አስገባ። ሁሉም መለያዎቹ «ማናቸውም» የሆኑና የቅድሚያ ቁጥሩ 0 የሆነ ደንብ በሠንጠረዡ ካለ፣ ሌላ ደንብ ያላገኘው ፓኬት በእርሱ ይፈረድበታል። ይህ ደንብ በነባሪነት አይገኝም፤ ተቆጣጣሪው ራሱ መትከል አለበት። ካልተከለ ፓኬቱ ይጣላል።

የዚህ መፍትሔ ብልኀት ከመጣሉ ይልቅ ደንቡን ወደ ብርሃን በማውጣቱ ላይ ነው። ቀድሞ በሰነድ ውስጥ ብቻ ይኖር የነበረው ነባሪ ደንብ አሁን በሠንጠረዡ ዝርዝር ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይታያል። የራሱ ቆጣሪ ስላለው በቀን ስንት ፓኬት ደንብ ሳያገኝ እንደቀረ ማወቅ ይቻላል። በዚሁ ሰነድ የፍጥነት መገደቢያ ስለገባ ወደ ተቆጣጣሪው የሚላከውን በልክ ማድረግ ይቻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ጎርፉ ከመነሣቱ በፊት ግድቡ ተዘጋጀ።

ዋጋው ግን አልቀረም። ለ1.0 የተጻፈ ፕሮግራም ወደ 1.3 ሲሸጋገር ኔትወርኩ ድንገት ጸጥ ይላል። ስሕተት የለም፣ መልእክት የለም፣ አንድም ፓኬት አያልፍም። አገናኞችን ለማወቅ ተቆጣጣሪው የሚልካቸው የኤልኤልዲፒ ፓኬቶች በሌላኛው ጫፍ ስለሚጣሉ ስለ ኔትወርኩ ቅርጽ እንኳ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። የኤአርፒ ጥያቄም እንደዚሁ ይጠፋል። ስለዚህ ከጃፓኑ ሪዩ ፕሮግራም ጋር የሚሰጠው የ1.3 ምሳሌ ስዊቹ እንደተገናኘ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ቅድሚያ 0 የሆነ «ወደ ተቆጣጣሪው ላክ» የሚል ደንብ መትከል ነው። ይህን ምሳሌ ስንቱ እንደቀዳው ሲታሰብ፣ ኮሚቴው በፊት በር ያስወጣውን ነባሪ መሐንዲሶች በጓሮ በር መልሰው አስገቡት ለማለት ያስደፍራል። ቢሆንም ልዩነት አለ። አሁን ደንቡን የጻፈው የታወቀ እጅ ነው፤ የጻፈውም ሊጠየቅበት ይችላል።

ሌሎች ትናንሽ ነባሪዎች

የቅድሚያ ቁጥርም የራሱ ታሪክ አለው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 65535 ሊሆን ሲችል የኦፕን ቪስዊች መሣሪያዎች ምንም ካልተጻፈ 32768 ብለው ይወስዱታል። መካከለኛ ቁጥር በመሆኑ ከበላይም ከበታችም ቦታ ይተዋል፤ ጥሩ ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ቁጥር ሳይጽፍ ከተወ ደንቦቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። እኩል ቅድሚያ ያላቸው ሁለት ደንቦች ለአንድ ፓኬት ቢስማሙ የትኛው እንደሚሠራ ሰነዱ አይወስንም። እንዲህ ያለ መደራረብ እንዳይፈቀድ የሚጠይቅ ምልክት አለ፤ ምልክቱ ግን በነባሪነት አይበራም። አንዱ ስዊች በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ሲሠራ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የደንብ ዕድሜም እንዲሁ በዜሮ ሲተው ዘላለማዊ ይሆናል።

ተቆጣጣሪው ራሱ ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በ1.0 ስዊቹ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የተለመዱትን ደንቦች ሰርዞ ለአደጋ ጊዜ በተቀመጡት ብቻ እንዲሠራ ይደረግ ነበር። 1.1 ይህን ትቶ ሁለት ሁኔታዎችን አስቀመጠ፤ በአንደኛው ስዊቹ ባሉት ደንቦች ይቀጥላል፣ በሁለተኛው እንደ ተራ የኢተርኔት ስዊች ይሆናል። የኦፕን ቪስዊች ነባሪ ሁለተኛው ነው። ከተቆጣጣሪው በነባሪው 5 ሴኮንድ የሆነው የመጠባበቂያ ጊዜ ሦስት እጥፍ ካለፈና መልእክት ካልመጣ፣ ማለትም ከ15 ሴኮንድ በኋላ፣ ስዊቹ ራሱን ችሎ አድራሻ መማርና ያላወቀውን መበተን ይጀምራል። በአንድ ማሽን ላይ የሁለት ተወዳዳሪ ድርጅቶች ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ቢኖሩና የሚለያቸው የተቆጣጣሪው ደንብ ብቻ ቢሆን፣ የተቆጣጣሪው መታመም ግድግዳውን ያፈርሰዋል። የኦፕንስታክ የኔትወርክ ክፍል የሆነው ኒውትሮን ዋናውን ብሪጅ ሲፈጥር ይህን ነባሪ ሽሮ በመጀመሪያው ሁኔታ እንዲሠራ የሚያደርገው ስለዚህ ነው።

በሌላ በኩል የኦፕን ቪስዊች ጸሐፊዎች ያደረጉት አንድ ጥንቃቄ ሊመሰገን ይገባል። የተቆጣጣሪው መሥመር ራሱ በዚያው ስዊች ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁሉን የሚጥል ደንብ የተከለ መሐንዲስ የራሱን እጅ ይቆርጣል፤ ስሕተቱን ለማረም የሚሄደው ትእዛዝም አብሮ ይጣላልና። ስለዚህ ስዊቹ ከ65535 በላይ ቅድሚያ ያላቸው ስውር ደንቦችን በራሱ ይተክላል። እነዚህ ከተቆጣጣሪው ጋር የሚደረገውን የዲኤችሲፒ፣ የኤአርፒና የቲሲፒ ግንኙነት ያሳልፋሉ፣ በተለመደው ዝርዝርም አይታዩም። 1.3 ነባሪውን ወደ ብርሃን ለማውጣት ሲደክም እዚህ መሰወሩ መልካም ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ይመስላል። ልዩነቱ የመጀመሪያው የውሳኔ፣ ሁለተኛው የማዳኛ ገመድ መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ በተግባር የሚጠቅም ልምድ ተሰብስቧል። ባልታመነ ጫፍ ላይ ባለ ስዊች ቅድሚያ 0 የሆነ «ጣል» የሚል ደንብ፣ ነባሪውም ያው ቢሆን፣ በእጅ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ቆጣሪው እንዲነበብ ነው። ለኤአርፒና ለኤልኤልዲፒ ከእርሱ በላይ የራሳቸው ደንብ ይሰጣቸዋል፤ ወደ ተቆጣጣሪው የሚሄደውም በመገደቢያ በኩል ያልፋል። ለእያንዳንዱ ደንብ ቅድሚያ በቁጥር ይጻፋል፣ በቁጥሮቹም መካከል ክፍተት ይተዋል። አዲስ ኔትወርክ ሲዘረጋ ግን መጀመሪያ ሁሉን ወደ ተቆጣጣሪው እየላኩ ምን እንደሚመጣ ማየትና በኋላ መዝጋት ከባዶ ከመገመት ይሻላል፤ የሚያስፈራው መዝጋቱን መርሳት ነው።

በ2014 ፓትሪክ ቦስሃርትና ባልደረቦቹ ፒ4 የተባለውን ቋንቋ ሲያቀርቡ መለያዎቹ ራሳቸው በፕሮግራሙ ጸሐፊ የሚወሰኑበት ዘመን ተከፈተ፤ ጥያቄው ግን ተከትሎ ገባ። በ2017 በወጣው የቋንቋው ሰነድ መሠረት ለሠንጠረዥ ነባሪ ድርጊት ካልተጻፈ፣ ያልተዛመደ ፓኬት በሠንጠረዡ ውስጥ ምንም ሳይደረግበት ወደ ፊት ያልፋል። መጨረሻው የት ነው የሚለውን የሚወስነው ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማሽን ነው። ለመማሪያና ለሙከራ በብዛት በሚሠራበት የሶፍትዌር ስዊች ላይ መውጫ በር ያልተሰጠው ፓኬት በበር ቁጥር 0 ይወጣል፤ የበሩ ቁጥር መነሻ ዋጋ ዜሮ ስለሆነ ብቻ። በ2018 ለተንቀሳቃሽ ፕሮግራሞች የጸደቀው የስዊች ንድፍ ደግሞ ፓኬቱ እንዲጣል የሚያዘውን ምልክት ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት «አዎን» አድርጎ ያስቀምጣል፤ ማሳለፍ የሚፈልግ ጸሐፊ ምልክቱን በገዛ እጁ ማንሣት አለበት።